የዳቫንዛቲ ቤት፦ ነጋዴ ሠርቶት ነጋዴ ያደሰው

በጣሊያኗ የፍሎረንስ ከተማ እምብርት፣ ፖርታ ሮሳ በሚባለው ጠባብ ጎዳና ዳር የቆመው የዳቫንዛቲ ቤት በ14ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ የተሠራ፣ በአሁኑ ጊዜ የጥንታዊው የፍሎረንስ መኖሪያ ቤት ሙዚየም ሆኖ ለሕዝብ ክፍት የሆነ ሕንፃ ነው። ጣሊያኖች እንዲህ ያለውን ሕንፃ «ፓላዞ» ይሉታል፤ ይህም የነገሥታትን ማደሪያ ብቻ ሳይሆን የከተማ ባለጸጋ ከነዘመድ አዝማዱና ከነአሽከሩ የሚኖርበትን ባለብዙ ፎቅ የድንጋይ ቤት ሁሉ የሚያጠቃልል ስም ነው። ፍሎረንስ በእንዲህ ያሉ ቤቶች የተሞላች ናት፤ የሜዲቺ፣ የስትሮዚና የፒቲ ቤቶች በግዝፈትም በዝናም ዳቫንዛቲን ይበልጡታል። ይሁን እንጂ እነዚያ የተሠሩት በ15ኛው ክፍለ ዘመንና ከዚያ ወዲህ፣ ባለጸጋው ነጋዴ ሀብቱን በአደባባይ ለማሳየት ድንጋይ መቆለል በጀመረበት ዘመን ሲሆን፣ የዳቫንዛቲ ቤት ግን ከዚያ በፊት የነበረውን፣ ከፊሉ ምሽግ ከፊሉ መደብር የነበረውን አኗኗር ይዞ ስለቆየ የታሪክ ተመራማሪዎችን ይበልጥ የሚስበው እርሱ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቤቱን የሚጎበኝ ሰው አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ጉዳይ አለ፤ ይኸውም ሕንፃው ሁለት ጊዜ የተሠራ መሆኑ ነው። መጀመሪያ ያቆሙት ዳቪዚ የተባሉ፣ በጨርቅ ንግድና በገንዘብ የከበሩ ቤተሰቦች ሲሆኑ፣ ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ፈርሶ ሊረሳ በተቃረበበት ጊዜ፣ ዛሬ የምናየውን መልክ የሰጠው ደግሞ የጥንታዊ ዕቃዎች ሻጭ የነበረው ኤልያ ቮልፒ ነው። የሙዚየሙ መግለጫዎች ይህን አይደብቁም፤ ጎብኚው ግን በሥዕሎቹ ውበት ተማርኮ ይዘነጋዋል። ስለዚህ በእያንዳንዱ እልፍኝ ውስጥ የትኛው የ1300ዎቹ፣ የትኛው የ1900ዎቹ መጀመሪያ እጅ እንደሆነ እየጠየቁ መሄድ የጉብኝቱን ደስታ የሚቀንስ ሳይሆን የሚጨምር ነው።

የዳቪዚዎቹ ሀብት የመጣው ፍሎረንስን ከአውሮፓ ታላላቅ ከተሞች ተርታ ካሰለፈው የጨርቅ ሥራ ነው። በከተማዋ ሙያውና ንግዱ የሚመራው «አርቴ» በሚባሉ ማኅበራት ሲሆን፣ እነዚህ ማኅበራት የዕቃውን ጥራት ይቆጣጠሩ፣ አባሎቻቸውን ይዳኙ፣ ለከተማው ሹመት የሚበቁ ሰዎችንም ከመካከላቸው ያወጡ ነበር። ከማኅበራቱ አንጋፋ የነበረው ካሊማላ የተባለው ነበር፤ አባላቱ በፍላንደርስና በፈረንሳይ አገር የተሸመነ ያልተጠናቀቀ ጨርቅ በጅምላ እየገዙ ወደ ፍሎረንስ ያስመጡና በእሾሃማ የአበባ ራስ እያበጠሩ ጠጉሩን ያስነሡ፣ በትላልቅ መቀስ ይከረክሙ፣ ቀለም ያገቡና በውድ ዋጋ መልሰው ወደ ውጭ ይሸጡ ነበር። ሁለተኛው የሱፍ ማኅበር ደግሞ የእንግሊዝን ጥሬ ሱፍ ከመግዛት አንሥቶ እስከ መጨረሻው ሽመና ድረስ ያለውን ሥራ የያዘ ነበር። የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ ጆቫኒ ቪላኒ በ1338 ገደማ በከተማዋ 200 የሚሆኑ የሱፍ ሥራ ቤቶች እንደነበሩ፣ በዓመትም ከ70,000 እስከ 80,000 ጣቃ ጨርቅ ይወጣ እንደነበር፣ ከ30,000 በላይ ሕዝብም ከዚህ ሥራ ይተዳደር እንደነበር መዝግቧል። ከዚህ ሁሉ ጀርባ የቆመው ከ1252 ጀምሮ የተመታው፣ ሦስት ግራም ተኩል ገደማ ንጹሕ ወርቅ የያዘው የፍሎሪን ገንዘብ ነበር፤ ይህ ሳንቲም ከለንደን እስከ ምሥራቅ ሜዲትራንያን ወደቦች ድረስ ያለ ጥያቄ ይወሰድ ነበር።

ቤቱ የቆመበት ዘመን ግን የደስታ ብቻ አልነበረም። በ1340ዎቹ ለእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ ሣልሳዊ ብዙ ገንዘብ ያበደሩት የባርዲና የፔሩዚ ባንኮች ወድቀው ሌሎችን ይዘው ሲሰምጡ፣ በ1348 ደግሞ ጥቁር ሞት የተባለው ወረርሽኝ የከተማዋን ሕዝብ በከፊል ጨረሰ። ዳቪዚዎች ከዚህ ሁሉ መካከል ቀድሞ ተለያይተው የነበሩ አሮጌ ቤቶችንና ግንቦችን በአንድ ፊት ለፊት አጣምረው አዲስ መኖሪያ ማቆማቸው የሀብታቸውን ልክ ያሳያል። ግንብ ሲባል ደግሞ የፍሎረንስ መኳንንት እርስ በርስ ሲዋጉ ይመሽጉባቸው የነበሩት ረጃጅም ሕንፃዎች ናቸው፤ ሥልጣን የያዘው የሕዝብ መንግሥት በ1250 የግንቦቹ ቁመት ከ50 ብራቾ፣ ማለትም ከ29 ሜትር ገደማ እንዳይበልጥ በመወሰኑ ብዙዎቹ አናታቸው ተቆርጦ ነበር።

የሕንፃው ፊት ፒዬትራ ፎርቴ በሚባለው የአካባቢው ቡናማ ድንጋይ የተሠራ ነው። ከታች ሦስት ሰፋፊ ቅስት መግቢያዎች አሉ፤ ከእነርሱ በላይ በሦስት ፎቆች የተደረደሩት መስኮቶች በቁጥርም በአደራደርም እኩል ሲሆኑ፣ ከላይ የሚታየው በዓምዶች የተያዘ ክፍት ሰገነት በ16ኛው ክፍለ ዘመን የተጨመረ ነው። በመስኮቶቹ መካከል ከግድግዳው የወጡ የብረት ማያያዣዎችና ከእነርሱ ጋር የተጋጠሙ ረጃጅም ዘንጎች ይታያሉ፤ በእነዚህ ላይ በበዓል ቀን ያጌጠ ምንጣፍና መጋረጃ ይሰቀልባቸው፣ በዘወትር ቀን ደግሞ ልብስ ይሰጣባቸውና የወፍ ጎጆ ይንጠለጠልባቸው ነበር። መስኮቶቹ መጀመሪያ መስተዋት አልነበራቸውም፤ የእንጨት መዝጊያና በዘይት ወይም በተርፐንታይን የተነከረ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ በፍታ ይበቃቸው ነበር። በክረምት በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ መኖር ምን ያህል የሚያስመርር እንደነበር የሚያስረዳው በየክፍሉ ግድግዳ ላይ የተሠራው ምድጃ ነው፤ ለዚያ ዘመን ይህም ራሱ አዲስና ውድ ነገር ነበር።

የምድር ቤቱ ሰፊ ክፍል በመጀመሪያ ወደ ጎዳናው ክፍት የነበረ ሲሆን፣ የቤተሰቡ ሠርግና የንግድ ጉባኤ የሚደረግበት ቦታ ሆኖ አገልግሎ ቆይቶ፣ በኋላ ወደ ሱፍ ሱቅነት ተለውጧል። ወደ ውስጥ ሲዘለቅ በጠባብ ግቢ ዙሪያ የተሠሩ ዓምዶች፣ ከአንዱ ጥግ ተነሥቶ ወደ ላይ የሚጠማዘዝ ደረጃ፣ ከሌላው ጥግ ደግሞ የውኃ ጉድጓድ ይታያል። ጉድጓዱ ከመሬት በታች እስከ ላይኛው ፎቅ ድረስ በተሠራ ቀጥ ያለ መተላለፊያ የተያያዘ ስለሆነ፣ በየፎቁ የሚገኙ ሰዎች ባልዲ በገመድ አውርደው ከያሉበት ውኃ መቅዳት ይችሉ ነበር። አብዛኛው የከተማዋ ነዋሪ ከሕዝብ ጉድጓድ በሚቀዳበት ዘመን በራሱ ፎቅ ላይ ቆሞ ውኃ የሚስብ ቤተሰብ ምን ያህል የተለየ እንደነበር መገመት አያዳግትም። በየፎቁ የተሠሩት የድንጋይ መጸዳጃዎችም ከዚሁ ጋር የሚሄዱ ናቸው፤ ብዙዎች ጎብኚዎች ከሥዕሎቹ ይልቅ እነርሱን ሲያስታውሱ ይገኛሉ፤ ይህም ተገቢ ነው፤ ምክንያቱም ስለ አንድ ዘመን ኑሮ ከቅዱሳን ምስል ይልቅ መጸዳጃው የበለጠ ሊናገር ይችላል።

በአንደኛው ፎቅ በጎዳናው በኩል ሙሉውን የቤቱን ስፋት የያዘው ታላቅ አዳራሽ «ማዶርናሌ» ይባላል። እንግዳ የሚቀበሉበት፣ ግብር የሚያበሉበት ክፍል ነው። በወለሉ ላይ በእንጨት ክዳን የተዘጉ አራት ቀዳዳዎች አሉ፤ እነዚህ ቀጥታ ወደ ምድር ቤቱ የሚመለከቱ ሲሆን፣ ጠላት በሩን ሰብሮ ቢገባ ከላይ ድንጋይ ወይም የፈላ ነገር ለመልቀቅ የተዘጋጁ ናቸው። በአንድ ክፍል ውስጥ የጌጥ ጣሪያና የመከላከያ ቀዳዳ ጎን ለጎን መኖራቸው የ14ኛውን ክፍለ ዘመን ፍሎረንስ ከብዙ መጽሐፍ በተሻለ የሚገልጽ ነው፤ ነጋዴው የሩቅ አገር ሂሳብ የሚያስተካክል የሰላም ሰው ቢሆንም፣ ጎረቤቱ ግን አንድ ሌሊት ከነታጣቂዎቹ ሊመጣበት ይችላል።

ከአዳራሹ ቀጥሎ ያሉት እልፍኞች ቤቱን ታዋቂ ያደረጉት ናቸው። የመጀመሪያው በቀቀኖች የተሣሉበት የምግብ ክፍል ነው። ግድግዳው ላይ የተደረደሩት ባለ ማዕዘን ቅርጾች በመካከላቸው ወፎች የያዙ ሲሆን፣ ሁሉም በአንድነት የተሠሩት በግድግዳው ላይ የተሰቀለ ውድ ግምጃ እንዲመስሉ ነው፤ ከላይ ደግሞ በዓምዶች መካከል የአትክልት ስፍራ ዛፎች ይታያሉ። ሥዕሉ የተሠራው ፍሬስኮ በሚባለው ዘዴ፣ ማለትም የኖራው ልስን ሳይደርቅ በውኃ የተበጠበጠ ቀለም በመቀባት ነው፤ ኖራው ሲደርቅ ቀለሙን በውስጡ ስለሚይዘው ከግድግዳው ጋር አንድ ይሆናል። ሠዓሊው የዚህን ዘዴ ፍጥነት ጠብቆ በአንድ ቀን ሥሎ የሚጨርሰውን ያህል ብቻ ልስን እያስለሰነ መሥራት ነበረበት። ልብ መባል ያለበት ግን ጨርቅ ሻጭ የሆነ ሰው የቤቱን ግድግዳ በሐሰተኛ ጨርቅ ማስጌጡ ነው። ይህ ቁጠባ ብቻ አልነበረም፤ እውነተኛውም መጋረጃ ለክብረ በዓል ሲፈለግ በሥዕሉ ላይ ይሰቀል ነበርና፣ ሥዕሉ በየቀኑ የሚታየው የሀብቱ ምልክት ሆኖ አገለገለ። ሁለተኛው እልፍኝ የጣዎስ ክፍል የሚባለው ሲሆን መኝታ ቤት ነበር፤ በላይኛው ክፍሉ ጣዎሶችና ሌሎች ወፎች ከዳቪዚና ከዘመዶቻቸው የቤተሰብ አርማዎች ጋር ተሥለዋል። አርማዎቹን የሚያውቅ እንግዳ ጋብቻው ከእነማን ጋር እንደተሳሰረ ገና ከወንበሩ ሳይነሣ ይረዳ ነበር።

በሁለተኛው ፎቅ የሚገኘው የቬርጂዋ እመቤት እልፍኝ ግን ከሁሉም የሚልቅ ነው። ከግድግዳው በላይ ባለው ረጅም መስመር ላይ፣ በቅስቶች መካከል፣ በ13ኛው ክፍለ ዘመን በፈረንሳይኛ የተጻፈ አንድ የፍቅር ታሪክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተሥሏል። ታሪኩ በአጭሩ እንዲህ ነው፦ አንድ ወጣት ባላባት የቬርጂን ግንብ እመቤት ይወዳል፤ እርሷም ትወደዋለች፤ ነገር ግን ፍቅራቸው በማንም እንዳይታወቅ ተማምለዋል፤ ሲገናኙም ለባላባቱ ምልክት የምትሰጠው በአትክልቱ ስፍራ የምትለቀቅ ትንሽ ውሻ ናት። የቡርጎኝ ልዑል ሚስት ባላባቱን ትመኘዋለች፤ እርሱ ሲቃወማት ተናዳ ሊያባብለኝ ሞከረ ብላ ለባሏ ትከስሰዋለች። ባላባቱ ነፍሱንና ክብሩን ለማዳን ሲል ምሥጢሩን ለልዑሉ ይገልጣል፤ ልዑሉም ለሚስቱ ይነግራታል፤ እርሷ ደግሞ በአንድ ግብዣ ላይ ስለ ውሻዋ አስታውሳ እመቤቲቱን በአሽሙር ትወጋታለች። እመቤቲቱ ተከድቻለሁ ብላ በሐዘን ትሞታለች፤ ባላባቱ ራሱን ይገድላል፤ ልዑሉም ሚስቱን ይገድላል።

በሥዕሉ ላይ እነዚህ ሁሉ በቅደም ተከተል ይታያሉ፦ ባላባቱ በአትክልቱ ዳር ሲጠብቅ፣ ትንሿ ውሻ ስትሮጥ፣ ወይዛዝርቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲጨፍሩ፣ ከዚያም ሞት በሞት ላይ ሲከታተል። የሥዕሉ ሠዓሊ ማን እንደሆነ በስም አይታወቅም፤ እጁ ግን የሠዓሊውን የጆቶን የሥዕል ትምህርት ከሩቅ የሰማ፣ ከቤተ ክርስቲያን ይልቅ ለመኝታ ቤት የሚስማማ ቀለል ያለ እጅ ነው። ይህ ክፍል ከዳቪዚና ከአልቤርቲ ቤተሰቦች ጋብቻ ጋር የተያያዘ እንደሆነ የሁለቱ አርማዎች ያመለክታሉ፤ ሙሽሮች በሚያድሩበት ክፍል ሁሉም በሞት የሚያልቅበት ታሪክ መሣሉ ዛሬ ለሚያይ ሰው ቢከብድም፣ በዘመኑ ሰዎች ዘንድ ግን ታሪኩ ምሥጢርን መጠበቅ የቤት መሠረት መሆኑን የሚያስተምር ስለነበር አይደንቅም። የንግድ ቤት በምሥጢር ይኖራል፤ የሂሳብ መዝገቡ ለሌላ ዓይን አይከፈትም። ይህን ሐሳብ ከሥዕሉ ላይ ማንበብ ከልክ ማለፍ ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም ከዚህ ቤት ባለቤቶች አኗኗር ጋር በሚገባ ይገጥማል።

ወደ ሦስተኛው ፎቅ ሲወጣ ደረጃው እየጠበበ ይሄዳል። ማዕድ ቤቱ እዚያ ላይ መሆኑ ለዘመናችን ሰው ያልተለመደ ቢመስልም ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ጭሱና ሽታው ወደ እልፍኞቹ ሳይገባ በቀጥታ ወደ ሰማይ ይወጣል፤ እሳት ቢነሣም ከታች ወደ ላይ ስለሚሄድ ቀሪው ቤት የመትረፍ ዕድል ያገኛል። እዚያው በእሳቱ ዙሪያ ሴቶቹ ፈትል ይፈትሉ፣ ጨርቅ ይሸምኑ ነበርና ዛሬም እንዝርትና የሽመና ዕቃ ከድስቶችና ከመጥበሻዎች ጋር ተደርድሮ ይታያል። የቤቱ ሴቶች ሕይወት ይበልጥ የሚገለጠው ከታችኞቹ አዳራሾች ይልቅ በዚህ ፎቅና በየእልፍኙ በተቀመጡት ትናንሽ ዕቃዎች ነው።

ከእነዚህ ዕቃዎች መካከል ሁለቱ ቀረብ ተብለው ሊታዩ ይገባል። አንደኛው «ዴስኮ ዳ ፓርቶ» የሚባለው የወሊድ ገበታ ነው፤ ለዐራስ ሴት ምግብና ስጦታ የሚቀርብበት፣ በኋላም በግድግዳ ላይ የሚሰቀል በሥዕል ያጌጠ ሳህን መሰል እንጨት ሲሆን፣ እንደ አገራችን ዐራስ ጥየቃ የሴቶች መሰባሰቢያ ሥርዓት አካል ነበር። በዳቫንዛቲ ያለው የታላቁ ሠዓሊ የማዛቾ ታናሽ ወንድም ጆቫኒ፣ በቅጽል ስሙ ሎ ስኬጃ፣ የሠራው ሲሆን በላዩ ላይ ወጣቶች በከተማ መንገድ ላይ «ቺቬቲኖ» የተባለውን ጨዋታ ሲጫወቱ ይታያሉ፤ ጨዋታው አንዱ የሌላውን ባርኔጣ በጥፊ ለመጣል የሚሞክርበት፣ ሌላው ጎንበስ ብሎ የሚያመልጥበት ነው። ለወለደች ሴት ቅዱስ ሥዕል ሳይሆን የጎረምሳ ጨዋታ መሥጠት ምን ለማለት እንደሆነ ብዙ ተጽፏል፤ ቀላሉ ትርጉም ግን የሚወለደው ወንድ፣ ጠንካራና ቀልጣፋ እንዲሆን መመኘት ነው። ሁለተኛው ዕቃ በሲሲሊ ደሴት በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተሰፋ የአልጋ ልብስ ነው፤ በሁለት በፍታ መካከል ጥጥ በየመሥመሩ ተሞልቶ የትሪስታን ታሪክ ሰዎችና ፈረሶች ከጨርቁ ወጣ ብለው እንዲታዩ ተደርጓል። ተመሳሳዩ በለንደን የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛል። ከዚህ ሌላ ሙዚየሙ ያለው የዳንቴልና የጥልፍ ስብስብ ብዙዎች ጎብኚዎች አልፈውት የሚሄዱ ቢሆንም፣ ስለ ሙያው ለሚያውቅ ሰው ብቻውን ግማሽ ቀን የሚያስቆም ነው።

በግድግዳዎቹ ላይ ሥዕል ብቻ ሳይሆን ጽሑፍም አለ። የቤቱ ሰዎችና ሠራተኞች ባዶ ልስን ባገኙበት ቦታ ሂሳብ፣ ምስልና ማስታወሻ ጽፈዋል፤ ከእነዚህ ዋነኛው ሚያዝያ 26 ቀን 1478 ጁሊያኖ ዴ ሜዲቺ በካቴድራሉ ውስጥ መገደሉን የሚመዘግበው ነው። ይህ የፓዚ ሴራ በመባል የሚታወቀው ክስተት ሲሆን፣ የፓዚ ቤተሰብ ከሜዲቺዎች ጋር በባንክ ሥራና በሥልጣን ሲፎካከር የመጣ ነበር። የመንግሥት መዛግብት ስለ ሴራው ብዙ ጽፈዋል፤ ዜናውን ሰምቶ በቅጽበት በግድግዳ ላይ የጫረው ሰው ግን ያስተላለፈልን የዚያን ቀን ድንጋጤ ነው።

ከዚህ ማስታወሻ ወደ አርባ ዓመት ገደማ ቀድሞ ቤቱ መቶ ዓመት ገደማ በሆነበት ወቅት፣ ፍሎረንስ ሌላ እንግዳ ነገር አይታ ነበር። በ1441 በኢየሩሳሌም ከሚኖሩ የኢትዮጵያ መነኮሳት መካከል በአበምኔታቸው በአባ ኒቆዲሞስ የተላኩ ወኪሎች በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት ስለ ምሥራቅና ምዕራብ አብያተ ክርስቲያናት አንድነት ለመመካከር በፍሎረንስ ወደሚደረገው ጉባኤ መጥተው ነበር። ጉባኤው ይካሄድ የነበረው በሳንታ ማሪያ ኖቬላ ገዳም ሲሆን፣ ዳቫንዛቲ ቤት ከዚያ የጥቂት ደቂቃ የእግር መንገድ ይርቃል። የኢትዮጵያ መነኮሳት በከተማዋ በሚመላለሱበት ወቅት ያዩት የባለጸጎች ቤት በብዛት ይህን የሚመስል ሳይሆን አይቀርም፤ የዛሬዎቹ ታላላቅ የህዳሴ ቤተ መንግሥቶች ገና አልተሠሩም ነበርና።

ከዳቪዚዎች በኋላ ቤቱ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወደ ባርቶሊኒ ቤተሰብ፣ በ1578 ደግሞ ዛሬም ስሙን ወደያዘው ወደ ዳቫንዛቲ ቤተሰብ አለፈ። ገዢው ቤርናርዶ ዳቫንዛቲ (1529–1606) በወጣትነቱ በፈረንሳይዋ ሊዮን ንግድ የተማረ፣ ስለ ገንዘብና ስለ ምንዛሪ ሁለት ጽሑፎችን የጻፈ፣ የሮማውን ታሪክ ጸሐፊ ታኪቶስን ወደ ጣሊያንኛ የተረጎመ ምሁር ነጋዴ ነበር። በትርጉሙ የፍሎረንስ ጣሊያንኛ ከላቲን ባልተናነሰ አጭርና ስል መሆን እንደሚችል ለማሳየት ሞክሯል። ስለ እንግሊዝ ሃይማኖታዊ መከፋፈል የጻፈውን መጽሐፍ በተመለከተ አንድ አስቂኝ ነገር አለ፤ በመጽሐፉ ፊት የታተመው የቤተ ክርስቲያን የፈቃድ ዝርዝር በኋላ እንግሊዛዊው ጸሐፊ ጆን ሚልተን የጽሑፍ ቅድመ ምርመራን ለመቃወም በ1644 ባሳተመው ሥራ ውስጥ ለምሳሌነት ተወስዷል። በቤቱ ላይ ቤርናርዶ ከሠራው ይልቅ በሐሳብ ታሪክ የተወው አሻራ ይበልጣል። ቤቱ በዳቫንዛቲዎች እጅ የቆየው እስከ 1838 ድረስ ነበር፤ በዚያ ዓመት የመጨረሻው ወራሽ ካርሎ ዳቫንዛቲ ራሱን ካጠፋ በኋላ ተከፋፍሎ ለብዙ ተከራዮች ተሰጠ።

የዚያ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለጥንታዊቷ ፍሎረንስ አደገኛ ጊዜ ነበር። ከተማዋ ከ1865 እስከ 1871 የአዲሲቱ ጣሊያን ዋና ከተማ ስትሆን የጀመረው የማዘመን ጉጉት ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት የድሮውን ገበያና በዙሪያው የነበሩትን የመካከለኛው ዘመን ቤቶች፣ ግንቦችና አብያተ ክርስቲያናት ጠራርጎ የሪፐብሊካ አደባባይን አቆመ። የዳቫንዛቲ ቤት ከዚህ ማፍረስ ያመለጠው ከመፍረሻው ክልል ጥቂት ወጣ ብሎ በመገኘቱ ነው። ከፈረሱት ቤቶች የወጡት በሮች፣ የእሳት ምድጃዎች፣ የጣሪያ እንጨቶችና ሥዕሎች ደግሞ ገዢ አላጡም፤ እነዚህን ሰብስቦ በመሸጥ ስቴፋኖ ባርዲኒ የተባለው ሰው በዓለም የታወቀ የጥንታዊ ዕቃ ነጋዴ ሆነ። ከእርሱ ጋር በማደሻ ሥራ የጀመረው የቺታ ዲ ካስቴሎ ተወላጅ ኤልያ ቮልፒ (1858–1938) ሙያውን ተምሮ የራሱን ንግድ አቋቋመ፤ በ1904ም የዳቫንዛቲን ቤት ገዛ።

ቮልፒ ከጊዜ በኋላ የገቡትን መከፋፈያ ግድግዳዎች አፈረሰ፣ በልስን ሥር የተሸፈኑትን ሥዕሎች ገለጠ፣ የጠፋውንና የተበላሸውን በሠዓሊዎች እጅ አስሞላ፣ ከዚያም በጣሊያን ልዩ ልዩ ቦታዎች የገዛቸውን አልጋዎች፣ ሣጥኖች፣ ወንበሮችና ሥዕሎች አስገብቶ በ1910 ለሕዝብ ከፈተው። በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች የቮልፒን ሥራ ሲወቅሱ የሚሉት፣ የተሞላው ከተገኘው እንደማይለይና ቤቱ ከነበረው ይልቅ ሊሆን የሚገባው እንዲመስል መደረጉን ነው። ወቀሳው እውነትነት አለው፤ በበቀቀን ክፍል ላይ የቮልፒ ሠዓሊዎች ብሩሽ ምን ያህል እንደደረሰ በቅርበት ሲታይ ግልጽ ነው። ነገር ግን ቮልፒ ባይገዛው ኖሮ ሥዕሎቹ በተከራዮች ልስን ሥር ቀርተው ይፈርሱ ነበር ማለትም እንዲሁ እውነት ነው። ሁለቱን ማስታረቅ የሚቻለው የቮልፒን እጅ እንደ ጥፋት ብቻ ሳይሆን እንደ አንድ ተጨማሪ የታሪክ ደርብ በመቁጠር ነው።

ለነገሩ ቮልፒ ሙዚየም ያቋቋመው ከበጎ አድራጎት ብቻ አልነበረም፤ ቤቱ የሸቀጡ ማሳያም ነበር። አሜሪካውያን ባለጸጎች ፍሎረንስን ሲጎበኙ የጥንት ዕቃ በእውነተኛው ቦታው ላይ ተቀምጦ ሲያዩ የመግዛት ፍላጎታቸው ይነሣሣ ነበር። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የአውሮፓን ገበያ ሲዘጋ ቮልፒ ዕቃውን አጓጉዞ በ1916 በኒው ዮርክ በሐራጅ አሸጠው። የገዢው ብዛት ከዚያ ቀደም ለጣሊያን የቤት ዕቃ ያልታየ ነበር፤ ውጤቱም ሩቅ ሄደ፤ በአሜሪካ ትላልቅ ቤቶች ውስጥ ከባድ የእንጨት ጣሪያ፣ በቀለም ያጌጡ ሣጥኖችና ትላልቅ ምድጃዎች የ«ዳቫንዛቲ» ስልት ተብለው ለዓመታት ተቀድተው ተሠሩ፤ የዳቪዚዎች መኝታ ቤት ከተሠራ ስድስት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ በአትላንቲክ ማዶ ፋሽን ሆነ።

ቤቱን በ1920ዎቹ ቤንጉያ የተባሉ ከግብፅ የመጡ የጥንታዊ ዕቃ ነጋዴዎች ገዙት። የጣሊያን መንግሥት ሕንፃውን በ1951 ገዝቶ፣ ከሌሎች የፍሎረንስ ሙዚየሞች ግምጃ ቤቶችና በግዢ ባገኛቸው ዕቃዎች አሟልቶ፣ በ1956 የመንግሥት ሙዚየም አድርጎ ከፈተው። ስለዚህ አሁን በክፍሎቹ ውስጥ ያለው አልጋም ሆነ ሣጥን ለዚያ ዘመን የተገባ ቢሆንም፣ ከዳቪዚዎችም ከቮልፒም የተወረሰ አይደለም። በ1995 የሕንፃው መዋቅር አደጋ ላይ መሆኑ ስለታወቀ ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ ከቆየ በኋላ በ2005 በከፊል፣ በ2009 ሙሉ በሙሉ ተከፈተ፤ በኋላም በባርጄሎ ሙዚየም አስተዳደር ሥር ገባ። ከዳግም መከፈቱ በኋላ የላይኞቹን ፎቆች በተወሰነ ሰዓት በትንንሽ ቡድኖች መጎብኘት የተለመደ ነበር።

በ1916 በኒው ዮርክ የተሸጡት ዕቃዎች ዛሬ በአሜሪካ ሙዚየሞችና በግለሰቦች ቤት ተበታትነዋል፤ ለጨረታው የታተመው፣ ምስሎችን የያዘው ትልቅ ካታሎግ ግን ቮልፒ በ1910 ከፍቶት የነበረውን ቤት ከነዕቃዎቹ ለማወቅ የሚፈልጉ ተመራማሪዎች መጀመሪያ የሚያነቡት ምንጭ ሆኗል።